በአሥራ አራትና በአሥራ ስድስት መካከል

መስከረም 24 ቀን

ለውድ ወንድሜ፣

በዚያ ብርድ አገር እግዜር ሙቀቱን አይንፈግህ፤ ጉልበትህም ቤትህም ደህና ይሁኑልህ። እኔ ደህና ነኝ። ሳሉ ራሱ ይመጣል፣ ራሱ ይሄዳል፤ ስለ እሱ አትጠይቀኝ።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን በስልክ "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ፣ አንተስ?" ስንባባል ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍኩልህ።

ቡድናችን ሊሄድ ነው ይባላል። ለጨዋታ አይደለም፤ ሄዶ ለመቅረት ነው። የገዛው ሰውዬ በወደቡ ከተማ አዲስ ስታዲየም አሠርቷል። የእናንተ ስታዲየም አርጅቷል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወንበሩም አይሞላም ይላል። ጣሪያው ማፍሰሱ እውነት ነው፤ ውሃው የሚወርደው እኔ ላይ ስለሆነ አውቃለሁ። ወንበሩ አይሞላም ያለው ግን ውሸቱን ነው። እኔ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ ከትሪቡኑ ሥር ሆኜ የሰዉን እግር እሰማለሁ። ጎል ሲገባ ሳሙናው ከመደርደሪያው ይወድቃል። ባለፈው እሑድም ወድቋል።

ደጋፊዎቹ አንሶላ ላይ ጽፈው በሩ ላይ ቆመዋል። የማዕዘኑ ዳቦ ሻጭ "እነሱ ከሄዱ እኔ ለማን ልጋግር? ለእርግብ?" እያለ አላፊ አግዳሚውን ይጣላል።

ይልቅ አንድ ነገር ልንገርህ። በቀደም አዲሱ አሠልጣኝ እኔ ጋ ወረደ። ማልያዎቹን አጥቤ በቧንቧው ላይ በየቁጥራቸው ሰቅያቸዋለሁ። እየቆጠረ መጣና አሥራ አምስት ላይ ቆመ። "እኛ አሥራ አምስት ቁጥር የለንም" አለ። እኔ የካልሲውን ቅርጫት ማራገፍ ያዝኩ። ባለቁልፉ ግን፣ ታውቀዋለህ የዕቃ ክፍሉን ሽማግሌ፣ ዝም አይልም።

"አለን" አለው።

"የት አለ?"

"ሜዳው ላይ ቀረ። የእሷ ልጅ ነበር።"

ከዚያ ሁሉንም ነገረው። ልጄ ቀጮ በጨዋታ መሀል ወድቆ ልቡ እንደቆመ፣ አምበሉ "መስቀያው የእሱ ነው፤ ማልያው ከእኛ ጋር ይወርዳል፣ ከእኛ ጋር ይወጣል" እንዳለ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይለብሰው በየሳምንቱ ከሌሎቹ ጋር ታጥቦ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ በአሥራ አራትና በአሥራ ስድስት መካከል እንደሚሰቀል። አሠልጣኙ ሰምቶ ሰምቶ "ንጹሕ ልብስ ታዲያ ለምን ይታጠባል?" አለ። ባለቁልፉም "ልጄ፣ አንተ ገና ሻንጣህን አልፈታህም" አለው።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም። እኔም አሥራ አምስትን እንደ ወትሮው አጥቤ አወጣሁት።

ቸር ያሰማን።

እህትህ


ጥቅምት 12 ቀን

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ፣

ጤናሽን ከእኔ ዕድሜ ቆርጦ ይስጥሽ። ሳሌን አትጠይቀኝ ስላልሽ አልጠይቅም፤ ግን ከዚያ እርጥብ ጉድጓድ እየወጣሽ ፀሐይ ሙቂ።

እኔ አሁንም እዚያው የዓሣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሳጥን በሳጥን ላይ እደረድራለሁ። ከዓሣው ጋር አንድ ዓይነት ፊት አውጥተናል፤ ልዩነታችን እኔ ወደ ቤት መሄዴ ነው።

ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት። እንዴት ነው ቡድን የሚሄደው? ሜዳውን ጠቅልለው ጭነት መኪና ላይ ሊጥሉት ነው? እኔ እዚያ ትሪቡን ላይ ጡሩንባ ስነፋ ከንፈሬ ያበጠው፣ ልጅ ሆኜ በአጥሩ ስገባ ሱሪዬ የተቀደደው፣ አንቺም የገረፍሽኝ፣ ለወደብ ሰው ነው? አብሮኝ የሚሠራው ሽማግሌ የኛን ሊግ በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ሰኞ ሰኞ ግን "ልጆችህ እንዴት ወጡ?" ይለኛል። አሁን ምን ልበለው? ሸጡን ልበለው?

የበሩን ፎቶ ላኪልኝ። ያኛውን ትልቁን የብረት በር፣ ቀለሙን ሳይቀይሩት።

ደግሞ እትዬ፣ እባክሽ ማልያውን ውሰጂ። ዕቃ መጫን ሳይጀምሩ፣ ሳይቆጣጠሩ፣ ከነመስቀያው ቤትሽ አስገቢው። እነዚህ ሰዎች ዝሆኑን እንኳ ነቅለው ይወስዱታል። (ያ ማጠቢያ ማሽን አሁንም እየዘለለ ከቦታው ይነሣል?) የቀጮን ነገር ለማያውቁት ሰዎች አትስጪ።

ከንፈሩ ያላገገመው ወንድምሽ
ጡሩንባ


ኅዳር 30 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከደመናው ቀድሞ ይድረስህ። ዘገየሁብህ። ፎቶው የዘገየው ጎረቤት ስልኳን እስክትሰጠኝ ነው። ደብዳቤው የዘገየው ግን የምጽፈውን ሳላውቅ ቀርቼ ነው።

ቁርጡ ታውቋል። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ይሄዳሉ፤ ሁለተኛውን ዙር የሚጫወቱት እዚያ ነው። ባለፈው እሑድ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። ከመጠን በላይ ሞልቶ ነበር አሉ። እኔ ግን ምንም አልሰማሁም። ሰው እግሩን አላነሣም። ዝሆኑን አጥፍቼ ጣሪያውን እያየሁ ቆምኩ፤ ሰዉ ሁሉ ከላዬ ተቀምጦ ትንፋሹ አይሰማም። ጎል ገብቶ ነበር፣ እኛው ነን ያገባነው። ሳሙናው አልወደቀም።

ከጨዋታው በኋላ አምበሉ ራሱ ወደ እኔ ወረደ። ቅርጫቱን ተሸክሞ ነው የመጣው። "እናቴ" አለኝ፣ "ነይ አብረሽን ሂጂ። አነጋግሬያለሁ። ለአንቺም ክፍል አለ።"

"የምጎበኘው መቃብር አለኝ፤ የት እሄዳለሁ?" አልኩት።

"አውቄው ነበር" አለና ቅርጫቱ ላይ ተቀመጠ። አርጅቷል፣ ታውቃለህ? ጢሙ ነጭ ጣል ጣል አድርጎበታል። ቀጮ ቢኖር እንዲህ ይሆን ነበር ብዬ አየሁት። "እንግዲያው ማልያውን አንቺ ወስኚ" አለ። "ከእኛ ጋር ይሂድ ካልሽ እኔ እያለሁ መስቀያ አያጣም። ከእኔ ጋር ይቅር ካልሽም ማንም አይጠይቅሽም።"

ለእሱ መልስ አልሰጠሁትም። ለአንተ ግን ልንገርህ።

ውሰጂው ትለኛለህ። ወስጄ ምን ላድርገው? የልጄ ላብ ያለበት ቢሆን ማንንም ሳልጠይቅ እወስደው ነበር። ያን ቀን ግን እኔ ራሴ አጠብኩት እኮ። ልጆቹ ማልያ ሲጥሉ ገልብጠው እንዲጥሉ፣ ቁጥሩ ማሽን ውስጥ እንዳይሰነጣጠቅ፣ ስጮህባቸው ነው የኖርኩት። ያን ቀንም ባለቁልፉ ደንግጦ ሁሉንም ሰብስቦ እንደ ትእዛዜ ገለበጣቸው፤ ቅርጫቱን አወረደልኝና ሳይናገር ሮጠ። እኔ የወደቀው ማን እንደሆነ አልሰማሁም ነበር። አንዱ ማልያ ከደረቱ እስከ ታች ተቀዷል። በመቀስ መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም። "የማነው ደግሞ ይሄ ልብስ ቀዳጅ!" ብዬ ተቆጣሁ። ተገልብጦ ስለነበር ቁጥሩን አላየሁም። ከሌሎቹ ጋር ከተትኩት፣ ሳሙና ጨመርኩ፣ ዝሆኑን አስነሣሁ። ሊነግሩኝ ሲመጡ ማሽኑ እየዞረ ነበር።

ስለዚህ ማልያው ላይ የእሱ የሆነ ነገር የለም። የእሱ የሆነው መስቀያው ነው። እዚያ ተሰቅሎ ሲታይ የሚለብሰው ሰው ያረፈደ ይመስላል። ቤቴ ካመጣሁት የሞተ ልጅ ልብስ ነው፤ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ አበቃ። ከእነሱ ጋር ከሄደ ደግሞ እሑድ ሲመጣ ከተጫዋቾቹ ጋር ይወጣል፤ ግን የማያውቁት ሰዎች መሀል ነው።

እስኪ ንገረኝ፣ አንተ ብትሆን የቱን ታደርግ ነበር?

እህትህ


ታኅሣሥ 15 ቀን

ለእትዬ፣

ጤናና ልብ ይስጥሽ።

እኔ ብሆን እወስደዋለሁ። ሁለት ጊዜ አላስብም። አምበሉ ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን አምበል ጡረታ ይወጣል፣ ይሸጣል፣ ጉልበቱ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ ማን ያውቀዋል? አዲሱ አሠልጣኝ እንኳ እናቱ ፊት ቆሞ "ንጹሕ ልብስ ለምን ይታጠባል" ያለ ነው። እነዚያ የወደብ ሰዎች ደግሞ ምን ይላሉ?

ቤትሽ ማስገባት ከከበደሽ ለእኔ ላኪልኝ። ክፍሌ ውስጥ ምስማር እመታለታለሁ። የአከራዬ ግድግዳ ነው፣ ምስማር አትምታ ብሎኛል፣ ይባረር ካለም ልባረር።

ፎቶው ደርሶኛል። በሩ ላይ ደጋፊዎቹ በአንሶላ የጻፉትን አጉልቼ አነበብኩት። አብሮኝ የሚሠራውን ሽማግሌ አሳየሁት፤ "ትልቅ በር ነው" አለ፣ ሌላ ምንም አላለም። ትልቅ በር ነው።

ጽሕፈትሽ ተንቀጥቅጧል። እጅሽን ነው ያመመሽ ወይስ ሌላ ነው?

ላኪልኝ እንጂ።

ጡሩንባ


የካቲት 3 ቀን

ለወንድሜ፣

ከማለዳ ብርዱ ከማታ ውርጩ ይጋርድህ። ይህን ስታነብ እንደምትናደድብኝ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ተቀመጥ።

ሰጠኋቸው።

ሳጥኖቹን እኔ ነኝ ያሸግኩት። አንድ ልጅ እግር ከመሥሪያ ቤቱ መጥቶ ማልያዎቹን እያጠፈ ሊደረድር ጀመረ፤ እጁን ያዝኩት። ማልያ አይታጠፍም። ከማሽን ወደ ቧንቧ፣ ከቧንቧ ወደ መስቀያ፣ ከመስቀያ ወደ ልጁ ትከሻ ነው መንገዱ። የሚታጠፈው ሰው የማይለብሰው ልብስ ነው። እንደ ሰው ዘርግቼ አጋደምኳቸው፤ አሥራ አራትን፣ በላዩ አሥራ አምስትን፣ በላዩ አሥራ ስድስትን። በአሥራ አምስት ደረት ላይ ለምታጥበው ሴት ወረቀት በመርፌ አያያዝኩ። "ገልብጠሽ እጠቢው። አትጭመቂው። ከደረቱ የተሰፋ አለ፣ ስፌቱን ጠብቂልኝ። ባይለበስም ከሌሎቹ ጋር ይታጠብ" ብዬ።

ባለቁልፉ አብሮ ሄዷል። መኪናው ሲነሣ "እኔ እያለሁ!" ብሎ ደረቱን መታልኝ። ዳቦ ሻጩ ሱቁን ዘግቶ ቆሞ ነበር። ማንም አላለቀሰም፤ አንዲት ሴት ብቻ መኪናው ላይ እንቁላል ወረወረች፣ አልደረሰም።

ዝሆኑን ቁራሌው ወሰደው። የማጠቢያው በር ታሽጓል።

እኔ ሆስፒታሉ ልብስ እጥበት ገብቻለሁ። አዎ፣ ቀጮን የወሰዱበት ያው ሆስፒታል። አንሶላ ነው የማጥበው። አንሶላ ቁጥር የለውም፤ ማን እንደተኛበት አይታወቅም፣ ያዋጣል።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። አንተ በስልክህ ጨዋታቸውን ታያለህ አይደል? አንዳንዴ ሳይጀመር በፊት መልበሻ ክፍሉን ያሳያሉ ይባላል። እባክህ መስቀያዎቹን እይልኝ። ተሰቅሎ እንደሆነ ብቻ ንገረኝ።

እህትህ


መጋቢት 28 ቀን

ለእትዬ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ በረዶው ገና አልለቀቀም። ሥራ በዝቷል፤ ሽማግሌው ጀርባውን ታሞ ቀርቷል፣ የእሱንም ሳጥን እኔ ነኝ የምደረድረው።

አልተናደድኩም። የእናቱ ሥልጣን ነው።

መልበሻ ክፍሉን አያሳዩም፤ ቀጥታ ሜዳውን ነው። ባለፈው አሸንፈዋል። ሜዳው ጥሩ ነው፣ ሣሩም ጥሩ ነው። አምበሉ ግን ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው፣ ጉልበቱ ነው አሉ።

እትዬ፣ ጎረቤቶችሽ ቴሌቪዥን አላቸው እንዴ? ባታዪው ይሻላል ለማለት ነው። ኳስ እንደ ድሮው አይደለም፣ ያሰለቻል።

ሳልሽስ?

ወንድምሽ


ግንቦት 17 ቀን

ለእትዬ፣

እግዜር ደህና ያድርግሽ። መልስሽ ጠፋብኝ። በስልክም ስደውል ጎረቤትሽ ናት የምታነሣው፤ "ሥራ ላይ ናት" ትለኛለች። እሑድም ሥራ አለ?

ተቆጥተሽኝ ከሆነ ተቆጪኝ፤ ዝም ግን አትበይኝ። አንቺ ዝም ስትዪ እዚህ ያለው ክፍል ይጠበኛል።

ጡሩንባ


ሰኔ 21 ቀን

ለወንድሜ ለጡሩንባ፣

ያለ እናት ያሳደግሁህን ልጅ፣ አንተን፣ አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርልኝ። አልተቆጣሁህም። የሳሌን ነገር ሐኪሙ አይቶታል፤ እሱን በሌላ ጊዜ እናወራለን።

ያየኸውን እኔም አይቼዋለሁ። ስለዚህ ደብቄያታለሁ ብለህ አትጨነቅ።

ሆስፒታሉ ውስጥ እግራቸው የተሰበረ ወንዶች የሚተኙበት ክፍል አለ፣ ቴሌቪዥን አላቸው። አንሶላ ልሰበስብ ገባሁ። አንዱ በሽተኛ "እመት፣ ከፊቴ ዞር በይልኝ፣ ኳስ ላይ ነኝ" አለኝ። ዞር ስል አየሁት። አሥራ አምስት ቁጥር በመስመሩ ላይ ይሮጣል።

ልንገርህ፣ መጀመሪያ አልደነገጥኩም። "ጎሽ፣ አስገቡት" ነበር ያልኩት በልቤ።

ከዚያ ልጁ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ፊቱን በማልያው ጠረገ። ሌላ ሰው ነው። በዝውውር ያመጡት ነው አሉኝ። መልከ መልካም ልጅ ነው፣ እናትም አለችው ይሆናል። እሱ ምን አጠፋ? ቁጥር ሰጡት፣ ለበሰ። በሽተኛው "አንቺም የነሱ ደጋፊ ነሽ እንዴ?" አለኝ። "አጣቢያቸው ነበርኩ" አልኩትና አንሶላዬን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ መጻፍ አልቻልኩም። አንተም እያወቅህ ስለ ሣር ስትጽፍልኝ ጊዜ ሳቄም ዕንባዬም መጣ። ዓሣና ሣር ብቻ ቀርቶልሃል።

አሁን የምጽፍልህ ባለቁልፉ ስለተመለሰ ነው። አሰናበቱት። እዚያ ልብስ የሚያጥብ ድርጅት አለ፣ መኪና መጥቶ ይወስዳል፣ ታሽጎ ይመለሳል፤ ቁልፍም ባለቁልፍም አያስፈልግም አሉት። በሬን ሲያንኳኳ ጉንጩ ገብቶ ነበር። ውሃ ሰጠሁት፣ አልጠጣም። ከእቅፉ ፌስታል አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"እኔ እያለሁ ብዬሽ ነበር" አለ።

ከፈትኩት። ጥቁር ነው፣ ጭቃ ነው፣ የጫማ ቀለም ነው። ድርጅቱ ያረጀውን ሲለይ ማልያውን ከመጥረጊያ ጨርቅ ጋር ጥሎታል። አምበሉ ለጉልበቱ ሕክምና ሄዶ ስለነበር አላየም። ባለቁልፉ ያገኘው ጫማ የሚጠረግበት ክፍል ውስጥ ነው፤ አዳዲሶቹ ተጫዋቾች ታኬታቸውን ይጠርጉበታል። ጮኸባቸው። "አባባ፣ ባለቤት ያለው አልመሰለንም" አሉት። ክፉ ልጆች አይደሉም አለኝ፤ ከነሱ አንዱ ይቅርታ ብሎ እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኝቶታል። በመርፌ ያያዝኩት ወረቀት የት እንደወደቀ አያውቅም።

"ስጪኝ፣ እኔ ላቃጥለው፣ አንቺ እንዳታዪው" አለኝ።

"ሂድ እረፍ" አልኩት።

ጠዋት ግቢው ውስጥ ውሃ በሳፋ አቀረብኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ንጹሕ ልብስ ሳጥብ ኖሬ ነበር፤ አሁን የሚታጠብ ነገር አገኘሁ። ገለበጥኩት። አልጨመቅኩትም። ውሃው ጠቆረ፣ ደፋሁ፣ ሌላ አቀረብኩ፣ እሱም ጠቆረ። የምን እድፍ እንደሆነ አላውቅም፤ የማን እግር የረገጠው ጭቃ እንደሆነ አላውቅም፤ የእሱ አለመሆኑን ብቻ አውቃለሁ። ስፌቱ አልለቀቀም። ጨርቁ ግን ከስፌቱ ጎን ሳስቷል፣ ጣቴ በዚያ በኩል ይታያል። ከቁጥሩም አምስቱ ግማሹ ተላጦ ቀርቷል።

ግቢው ገመድ ላይ ሰቀልኩት። በግራው የጎረቤት መጋረጃ ነው፣ በቀኙ የእኔ ቀሚስ። ወንበር አውጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ነፋስ ሲመጣ ደረቱ ይነፋል፣ ነፋስ ሲሄድ ይወርዳል። ጎረቤቴ "የማን ነው?" አለችኝ። እኔን ራሴን ሰው ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ እዚያ ታች ያውቁ ነበር፣ ለአሠልጣኙም የመለሰለት ባለቁልፉ ነው። "የልጄ ነው" አልኳት። "የሞተው ልጄ።" እንዲህ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ላኪልኝ ብለኸኝ ነበር። አልልክልህም፣ አትቀየመኝ። ምስማርም አትምታ፤ ከሰው ቤት እንዳትባረር። ጡሩንባህን ግን አትጣለው።

ማልያው ከሰዓት በኋላ ደረቀ። ከገመዱ አውርጄ አልጋዬ ላይ ዘረጋሁት። እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ መለስኩ፣ ጠርዝ ከጠርዝ አገናኘሁ፣ በእጄ ዳሰስኩት።

አጠፍኩት።

እህትህ